እስከ ሦስተኛው ጥሪ

ጭስ አምባ ላይ ቀኑ የሚጀምረው ጠባሳ በመሥራት ነበር። ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከሜዳው ሳይነሳ፣ ሜካፕ ሠሪዋ ፌቨን የአስካለን ቀኝ እጅ ጭኗ ላይ ታስቀምጥና በቀጭን ብሩሽ፣ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ሙጫ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ተነስቶ እስከ አንጓዋ የሚወርድ የንክሻ ጠባሳ ትሠራላታለች። ሙጫው እስኪደርቅ አስካለ እጇን አታንቀሳቅስም። ከጎጆዋ ጀርባ፣ ገደሉ ላይ ተለጥፈው ያደሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች እየተጠራሩ ወደ ሜዳው ሲወጡ ይሰማል፤ ድምፃቸው በድንጋዩ ግድግዳ አልፎ ሲመጣ የሰው ወሬ ይመስላል፣ ቃሉ አይለይም እንጂ የሚጠይቅ፣ የሚመልስ፣ የሚያጉረመርም አለበት። ሲመሽ አስካለ ጠባሳውን በሞቀ ውሃና በሳሙና አሽታ ታነሳዋለች።

ጠባሳው የዶክተር ወለላ ነው። ዶክተር ወለላ የጭላዳን ኑሮ ለማጥናት ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ እዚሁ ገደል አፋፍ ላይ፣ በዚችው የጓሳ ሣር ክዳን ባላት የድንጋይ ጎጆ ብቻዋን ዓመታት የኖረች፣ አንድ ጉም የበዛበት ቀን በሯን ገርበብ አድርጋ ወጥታ ያልተመለሰች ሳይንቲስት ናት። አስከሬኗ አልተገኘም። አሁን የሕይወት ታሪኳ ፊልም ሆኖ እየተቀረጸ ነው፤ እሷን ሆና የምትተውነው አስካለ ናት። የምትለብሰው አሮጌ የሱፍ ካፖርት የዶክተሯ የራሷ ሲሆን፣ ከዘመዶቿ በውሰት የመጣ ነው። ስንቴ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም የእርጥብ ሣርና የእንስሳ ጸጉር ሽታው አልለቅ ብሏል።

አስካለ ይህን ፊልም ስትቀበል የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ስም። ነውር የለውም፣ በግልጽ እንናገረው። ዕድሜዋን ሙሉ ጎረቤት፣ ነርስ፣ የሙሽራዋ አክስት እየሆነች ስትተውን ኖራለች። ታክሲ ውስጥ የሚያያት ሁሉ «አንቺ! የዛ ድራማ ጎረቤት!» እያለ እጇን ይጨብጣታል እንጂ አንድም ሰው «አስካለ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «አስካለ መኩሪያ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ማየት፣ መንገድ ላይ በስሟ ስትጠራ ዞር ማለት፣ ይኸው ነበር ምኞቷ። ለስሟ ብላ የመጣች ሴት ግን ገና ስትደርስ የተቀማችው ስሟን ነው።

የቀማት ዳይሬክተሩ ሱራፌል ነው። ሱራፌል ውጭ አገር አጭር ኮርስ ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ሰውን በቅጡ ሰላም ማለት ትቷል፤ በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ሜጋፎኑን ከአፉ ሳያነሳ፣ ደንብ አወጣ። ቀረጻው እስኪያልቅ አስካለ የሚባል ሰው የለም። በምሳ ሰዓትም በእረፍትም ወለላ ነው የምትባለው፤ ስትጠራም ሳታስብ፣ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ትላለች። ካሰበችበት ትወና ሆነ ማለት ነው። ሌላው ሰው ከሜዳው ግርጌ፣ መኪኖቹ አጠገብ፣ በድንኳን ሲያድር እሷ ጎጆዋ ውስጥ ብቻዋን ታድራለች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል!» ብሎ ንግግሩን ዘጋ፣ ሁሉም አጨበጨበ።

አስካለ አላጨበጨበችም። «አቤት» በሚለው ቃል እናቷ ያሳደገቻት በሌላ ደንብ ነበር። «ሲመሽ ወይ ጉም ሲሆን፣ የጠራሽን ሰው ፊቱን ካላየሽ፣ በአንዴ አቤት እንዳትዪ» ትላት ነበር። «ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ሰው ያልሆነው አንዴ ነው የሚጠራው፤ አቤት ካልሽው የእሱ ነሽ።» አስካለ ትልቅ ሴት ሆና ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየኖረች እንኳ፣ መብራት ጠፍቶ ከኮሪደሩ ስትጠራ ሦስተኛውን ጥሪ ትጠብቃለች፤ ጎረቤቶቿ ጆሮዋ ከበድ ያለ ይመስላቸዋል። እዚህ ግን ብዙም ሳትቆይ ልማዱ ለቀቃት። «ወለላ!» ሲባል ምላሷ ከሷ ቀድሞ «አቤት!» ይላል። ይህን በራሷ ላይ ስትሰማ ደስ አይላትም ነበር።

አገሩ ከመነሻው አልወደዳቸውም። ነፋሱ የድንኳኑን ካስማ ይነቅላል፤ ጓሳው ውስጥ የተደበቀው ውሃ ጫማ ይውጣል፤ የመንደሩ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ፊታቸውን ያዞራሉ። ጭላዳዎቹም ቢሆኑ ካሜራው ሲቀርባቸው ሣር መንጨታቸውን ትተው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ ጎፈሬ የለበሰው አውራ፣ ደረቱ ላይ ያለው ራቁት ቆዳ እንደ አዲስ ቁስል ቀልቶ፣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ረጃጅም ጥርሱን ያሳያል። ያን ሲያይ ካሜራማኑ ሁለት ጊዜ እግሬ አውጪኝ ብሏል።

ከሁሉ የከፋው ግን ይፍሩ ነበር። ይፍሩ በዶክተሯ ጊዜ ዕቃ ተሸካሚና መንገድ መሪዋ የነበረ፣ ዛሬ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚናገር ሰው ነው። ዝንጀሮዎቹ የሚወጡበትን እንዲያሳያቸው ቀጥረውት፣ ገና ሜጋፎኑ «ወለላ!» ብሎ ሲጮህና አስካለ በዚያ ካፖርት ከጎጆዋ ብቅ ስትል፣ ባለበት ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን አይደለም፤ ጥላቻ ነው።

«ያንን ስም እዚህ አትጥራ» አለ ሱራፌልን።

«ለምን ጋሼ ይፍሩ? የሷ ፊልም አይደለም እንዴ?»

«የጠፋች ጊዜ አገር ሁሉ እዚህ አፋፍ ቆሞ ሲጠራት ሰነበተ። ጉሮሯችን እስኪነቃ። ከታች አቤት ያለ ሰው የለም።» በአገጩ ወደ ገደሉ አመለከተ። «እነሱ ግን ስሙን ለመዱት።»

ሱራፌል ሳቀ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ!»

«እሱ መቃብር ላለው ነው» አለ ይፍሩ። ወደ አስካለ ዞረና «አንቺም ካፖርቱን አውልቂው!» ብሎ እግሯ ሥር ምራቁን እንትፍ ብሎ ወደ መንደሩ ወረደ። በማግሥቱ የመኪናውን መንገድ የእሾህ አጥር ዘግቶት ተገኘ፤ እንቁላል የሚሸጥላቸው ሰውም ጠፋ። አስካለ ፈርታ ነበር፤ ግን ተቆጥታም ነበር፣ ምክንያቱም በሕይወቷ እንዲህ የተተፋባት የመጀመሪያዋ ነው፣ ለዚያውም በሌላ ሴት ስም።

ጉሙ የመጣው የዶክተሯን የመጨረሻ ቀን ሊቀርጹ በተዘጋጁበት ከሰዓት በኋላ ነው። ከገደሉ ሥር ተነስቶ፣ አፋፉን በቀስታ ዘልሎ፣ መጀመሪያ ረጃጅሞቹን የጅብራ ተክሎች፣ ከዚያ ሜዳውን፣ ከዚያ መኪኖቹንና ሰዎቹን ዋጠ፤ ነጭ ቢሆንም ጨለማ ነበር፣ አስካለ ክንዷን ስትዘረጋ የጣቶቿ ጫፍ አይታይም። ሱራፌል በደስታ አበደ። «ወደ አፋፉ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ በቃ ሲሆን ወለላ ብዬ እጠራሻለሁ» አላት። ሄደች። ነፋሱ ቆሟል፤ ከራሷ እርምጃ ሌላ የሚሰማው እርጥብ ሣር ሲነጭ የሚወጣው ድምፅ ብቻ ነው፣ ጨረፍ ጨረፍ፣ በግራዋም በቀኟም፣ እንስሳቱ አብረዋት እየሄዱ ይመስል። ዝናብ የመታው የውሻ ጸጉር ዓይነት ሽታ ከፊቷ መጣ። ከእግሯ በታች መሬቱ ወደ ድንጋይ ሲለወጥ አፋፉ እንደቀረበ አውቃ ፈጥና ቆመች።

«ወለላ።»

«አቤት!» አለች።

ጭረፋው ቆመ። ሁሉም ነገር ቆመ። ከዚያ ከኋላዋ፣ ከሩቅ፣ የሜጋፎኑ ፉጨትና የሱራፌል ቁጣ መጣ። «ማነው አቤት ያለው? ገና ነው እኮ! እኔ አልጠራሁም!»

አስካለ የሰማችው ጥሪ ከየት እንደመጣ ያኔ ተረዳች። ከኋላዋ አልነበረም። ከፊት ለፊቷ ነው፣ ከአፋፉ በታች፣ መሬት ከሌለበት። ጮክ ያለ አልነበረም፤ ጎረቤት ጎረቤቷን በአጥር በኩል የምትጠራበት ዓይነት ነው፣ አንዴ ብቻ፣ እንደምትመልስ የተማመነ። በእጇ እየዳኸች ወደ ኋላ ተመለሰች።

የዚያን ዕለት ምሽት ጠባሳው አልለቀቀም። በሳሙና አሸችው፣ በቅቤ ሞከረችው፣ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ሙጫው ተቀርፎ አለቀና ከሥሩ ጠባሳው ቀረ። ጠዋት ፌቨን ብሩሿን ይዛ መጥታ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ከዚያ ብሩሹን መልሳ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች። «ሙጫው አለርጂ ሆኖብሽ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። አስካለ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የሰቀለችው ቢጫ ጃኬቷም የለም፤ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው፣ የራሷ የሆነ ብቸኛ ልብስ። ፌቨንን ጠረጠረቻት፤ ፌቨን አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተነጋገሩም።

ጭላዳዎቹ ግን ከሷ መሸሽ ተዉ። ካፖርቷን ደርባ ሜዳው ላይ ስትቀመጥ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው መጥተው ከአጠገቧ ሣር ይነጫሉ፤ አንዷ እጇን ሰዳ የአስካለን ጸጉር እየፈለቀቀች ስትቀምል ካሜራው ያንን ሁሉ ቀረጸ። አውራው ከንፈሩን የሚገለብጠው ለሌላው ሰው ነው፤ ለሷ ጀርባውን ይሰጣታል፣ ለቤተሰብ እንደሚሰጠው። ሱራፌል እጁን አፉ ላይ አድርጎ እንባው መጣ። አስካለ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነበር። ከመንጋው መሐል፣ ጓሳው ከረዘመበት፣ አንዲት ጀርባዋን የሰጠች፣ ከሌሎቹ ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯን የምትቀመል አለች። ትከሻዋ ላይ ቢጫ ነገር ነበር። ጉም መጣና ሸፈናት፤ ጉሙ ሲነሳ ቦታው ላይ የተጋደመ ሣር ብቻ ቀረ።

«በስሜ ጥራኝ» አለችው ሱራፌልን በዚያው ቀን፣ እጁን ይዛ። «አንዴ ብቻ። አስካለ በለኝ። ታምሜያለሁ መሰለኝ። ጃኬቴንም የወሰደው ሰው አይደለም።»

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ!» ሲል እጁን አስለቀቀ። «አንድ ትዕይንት ነው የቀረኝ። እሱን ልጨርስ፣ ከዚያ ስለ ጃኬትሽ እናወራለን።» ፊቷን ሲያይ ግን ትንሽ ለሰለሰ። «ስሚ። ነገ ስንጨርስ በሜጋፎን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በስምሽ እጠራሻለሁ። አንቺም አቤት ትያለሽ። በቃ፣ ያኔ ከወለላ ወጣሽ፣ አስካለ ሆንሽ። እንዲህ ነው የሚወጣው።» አስካለ ይህን ቃል እንደ መድኃኒት ዋጠችው። አንዴ ተጠርታ አንዴ ብትመልስ ሁሉ ነገር ወደ ቦታው እንደሚመለስ አመነች፤ ሌላ የምታምነው ነገርም አልነበራትም።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ድምፅ ቀራጩ ሙሉቀን ወደ ጎጆዋ መጣ። ደግ ሰው ነው፣ ቀልድ ይወዳል። «በጣም እየደከምሽ ነው» አላት። «ጠዋት ገና ሳይነጋጋ አፋፉ ላይ ስትለማመጂ ማይኩ ቀዳሽ። ትንሽ እረፊ እንጂ!» ኤርፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። መጀመሪያ የተሰማው የነፋስ ሹክሹክታ ነው። ከዚያ «አቤት» አለ አንድ ድምፅ፣ ሻካራ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተናገረ ሰው ጉሮሮ። ዝምታ። «አቤት»፣ አሁን ትንሽ ቀጠን ብሎ። ዝምታ። «አቤት?» እንደ ጥያቄ። «አቤት!» እንደ ደስታ። እያንዳንዱ ከቀደመው ይሻላል፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቀሚስ የምትለካ ሴት እጅጌውን ስታስተካክል፣ ወገቡን ስታጠብቅ ዓይነት ነው። የመጨረሻው «አቤት» የአስካለ የራሷ ድምፅ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የምታደርጋት ነገር እንኳ ሳትቀር።

«እኔ አይደለሁም» አለችው ኤርፎኑን እያወለቀች። «ሙሉቀን፣ እኔ ጠዋት ከዚህ ጎጆ አልወጣሁም።»

ሙሉቀን ሳቅ አለ፣ ከዚያ ሳቁን ተወ፣ ማሽኑን አጠፋና «ነገ አዲስ አበባ እንገባለን» ብሏት ከጎጆዋ ወጣ። እርምጃው ሲመጣ ከነበረው ይፈጥን ነበር።

በማግሥቱ ሰማዩ ከረፋዱ ጀምሮ ከብዶ ነበር። ሾፌሩ ዝናብ ከጣለ መንገዱ ማጥ ይሆናል፣ እሾሁንም ገና መንቀል አለብን ብሎ ስለጮኸ ድንኳኑም ዕቃውም ተጭኖ፣ ሞተር ተነስቶ፣ ካሜራው ብቻ ከመኪኖቹ አጠገብ ቀረ። የቀረው ትዕይንት ዶክተሯ ከሩቅ ወደ አፋፉ ሄዳ ጉም ውስጥ ስትጠፋ የሚታይበት ነው። «አስካለ ስልሽ ሮጠሽ መጥተሽ መኪና ውስጥ ግቢ» አላት ሱራፌል። ስሟን ከአፉ የሰማችው ሳይጠራት ነው፣ እንዲሁ በወሬ መሐል፤ ሆኖም ደረቷ ሞቀ። ሄደች። ጉሙ ተቀበላት። ሣሩ በግራም በቀኝም ተጨረፈ፤ ያ ሽታ መጣ፤ ድንጋዩ ላይ ስትደርስ ወደ አፋፉ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመችና ጆሮዋን ወደ መኪኖቹ አቀናች።

«አስካለ!»

አፏ ተከፍቶ ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጉም ነው፤ የጠራት ፊቱ አይታይም፤ ድምፅ ጉም ውስጥ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ባለፈው በአንድ ጥሪ አቤት ብላ የሆነችውን ሆናለች። ከንፈሯን ነከሰች። ሰው ከሆነ ይደግማል።

«አስካለ መኩሪያ!»

ደገመ። የሜጋፎኑን ፉጨት አሁን ለየችው፤ ሱራፌል ነው፣ ሰው ነው፣ ስሟን ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እንባዋ ፈሰሰ። ሆኖም እናቷ ይሠልሳል ብላለች፤ አንዲት ጥሪ ናት የቀረችው፣ ይህን ሁሉ ታግሳ በአንዲት ጥሪ ልትሳሳት አትፈልግም። ደረቷን አየር ሞልታ፣ እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ፣ ሦስተኛውን ጠበቀች።

«አቤት!»

የተባለው በሷና በመኪኖቹ መሐል ነው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቅርብ። ጥርት ያለ፣ ደስተኛ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ያለ። ቢጫ ነገር ነጩ ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ የምትሮጥ ሴት እርምጃ እርጥቡን ሣር እየመታ ወደ መኪኖቹ ሄደ። ጭብጨባ ፈነዳ። «እንኳን ደስ አለሽ አስኩዬ!» የፌቨን ድምፅ ነው፣ እርቅ ያለበት። «ጃኬትሽን አገኘሽው! እጅሽን እስቲ... ውይ፣ ጠባሳው እኮ ለቀቀ!»

አስካለ ጮኸች። ስሟን ጮኸች፣ የፌቨንን ስም፣ የሱራፌልን ስም፣ የእናቷን። ግን በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ አብረዋት ጮኹ፤ ሣሩ ውስጥ የነበሩት፣ አፋፉ ላይ የነበሩት፣ ከሥር ገደሉ ላይ ያሉት፣ ያን የሚንቀጠቀጥ፣ የሚወርድ የሚወጣ ጩኸታቸውን አንድ ላይ ለቀቁት፣ የሷም ድምፅ ከነሱ አልተለየም። ልትሮጥ ስትል አውራው ከፊቷ ተነስቶ ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩን ገለበጠላት። ከሩቅ ሙሉቀን «ስሟቸው እስቲ፣ ወለላን እየሸኟት ነው!» ሲል ተሰማ። ሁሉም ሳቁ፤ ከሳቆቹ አንዱ የራሷ ሳቅ ነበር። የመኪና በሮች ተዘጉ።

ሞተሩ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ከእሾሁ አጥር ወዲያ ሆኖ፣ ከነፋስ የማይለይ እስኪሆን ድረስ አስካለ ባለጠባሳ እጇን አፏ ዙሪያ እንዳደረገች ቆማ ጠበቀች፤ ሦስተኛው ጥሪ ግን አልመጣም፤ ለእነሱ አስካለ «አቤት» ብላ መኪናው ውስጥ ገብታለችና ማን ይጣራል።